ከደጋ የመጣው የቆጮ ስሌት

የተማረ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ቆጮአችሁን ደብቁ! አትቆጡኝ... እኔ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ሽማግሌ ነኝ፤ በተማረ ሰው ላይ አፌን የምከፍት አይደለሁም። የደረሰብኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

የእህቴ ልጅ ፍቅሩ ኢንጂነር ነው። ከቡታጅራ በላይ፣ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ፣ እንሰት ተፍቆ የሚብላላበትን የስንቱን ቤት የቆጮ ጉድጓድ ሲለካ ከርሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ "ሞዴል" የሚሉት ነገር ሠራ። የእርሾውን መጠንና የጉድጓዱን ጥልቀት ስትነግሩት፣ ቆጮው በስንት ቀን እንደሚደርስ ይነግራችኋል። እዚያ አንድም ቀን አልሳተም አሉ። ታዲያ ክረምት ላይ ተሸክሞት ወልቂጤ፣ እኛ ቤት መጣላችሁ።

መቼም በእኛ አገር የቆጮ ጉድጓድ የሴት ግዛት ነው፤ ወንድ አያዝበትም። እኔ ግን በእህቴ ልጅ ኮራሁና... አዘዝኩ!

"እትዬ ብርቄ፣ እስከ መስቀል ዋዜማ እንዳይከፍቱት" አላት ፍቅሩ ባለቤቴን።

"ሳልከፍት? ሳላሸት?"

"ሞዴሉ ያውቃል።"

"የሚያውቀው ደጋውን ነው። ወልቂጤ ሙቀት ነው፣ ልጄ! ልጆቼ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲመጡ ክትፎውን በምን ላቅርብ?"

"እንሰቱ ያው እንሰት፣ ጉድጓዱም ያው ጉድጓድ! ሂደቱ ተመሳሳይ ነው።"

"ኧረ የተማረውን ስሚ፣ አንቺ ደግሞ!" አልኩ እኔ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ዋዜማው ደረሰ። ልጆች መጡ፣ ሥጋው ተከተፈ፣ ጉድጓዱ ተከፈተ... እናንተዬ! ደጃፋችን የቆመ ባለባጃጅ ሰው ሳይጭን ነው የፈረጠጠው። ቆጮው ጠቁሮ፣ ላቁጦ፣ ውሃ አዝሏል። ፍቅሩ አንዴ ጉድጓዱን፣ አንዴ ኮምፒውተሩን አየ።

"እዚህ ላይ ግን 'ምርጥ' ነው የሚለው" አለ።

በትዳራችን ዘመን ቆጮ ለምና የማታውቀው ብርቄ ነጠላዋን ተከናንባ ጎረቤት ሄደች። የመስቀል ዕለት የበላነው የሰው ቆጮ ነው። ፍቅሩም አብሮን እየጎረሰ፣

"ስህተቱን አገኘሁት!" አለ። "የደጋውን ሞዴል መጣል አያስፈልግም። ከዚህ ጉድጓድ ጥቂት ናሙና ወስዶ ማስተካከል ነው።"

"ናሙና ምንድን ነው?" አለች ብርቄ።

"በየሳምንቱ ከፈት አድርጎ፣ ሽታውን አይቶ፣ ቀኑን ማሳጠር።"

እኔ ክትፎዬ ላይ አቀረቀርኩ።

"አያስቡ፣ እትዬ። ለዚህ ሥራ ዲግሪ ያለው ባለሙያ ይመደባል።"

"ይምጣ" አለች ብርቄ፣ ቆጮ እየጨመረችለት። "ብቻ አፍንጫውን እንዳይረሳ።"