የጋሽ ዱካሞ ድንጋጤና ጣሪያ አልባው ገዳም

በየሰፈሩ ስለ ሁሉም ነገር የሚደነግጥ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ለጆሃንስበርጓ ሰፈር ለጀፕስታውን የደረሳት ጋሽ ዱካሞ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የጋሽ ዱካሞ የብርድ ልብስ ሱቅ ግን ጉድ ሳይሰማ አይከፈትም። መብራት ሲጠፋ «በኢየሱስ ስም!» ይላል። ሲመጣም ያው ነው። ጎረቤቱ ዩሱፍ «ክቡር የድንጋጤ ሚኒስትር» ብሎ ሾሞታል። አንዴ ደንበኛ በዋጋ ሳይከራከር ቢገዛ ደንግጦ፣ ሰውየውን አስቀምጦ ውሃ አጠጥቶታል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ዩሱፍ ሱቅ ገባ። ለትምህርት እንግሊዝ ከሄደች ወር ያልሞላት ልጁ ኤፍራታ ፎቶ ልካለች። ከሥሩ «አባዬ፣ ያለሁበትን እይልኝ» ይላል።

ዩሱፍ አየ። ኤፍራታ እየሳቀች ቆማለች፤ ከኋላዋ ጣሪያ የሌለው፣ መስኮቱ ባዶ የቀረ፣ ግድግዳው ላይ ሣር የበቀለበት የድንጋይ ሕንፃ አለ። እሱም ክው አለ። ጆበርግ ለኖረ ሰው የዚህ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ወሮበሎች ከባለቤቱ ነጥቀው የሚያከራዩት ሕንፃ።

«ሃይጃክ የተደረገ ቢልዲንግ ነው» አለ ጋሽ ዱካሞ። «ቤሪያ ሰፈር እንዳሉት። ልጄን እዚህ ውስጥ ነው ያስቀመጧት። ትምህርቱ ይቅርብኝ፣ ነገውኑ ትመለስ።»

«እስቲ መጀመሪያ በቪዲዮ ደውልላት» አለው ዩሱፍ።

ደወለ። ኤፍራታን ሳቅ አላናግር አላት።

«እኔማ የምኖረው ዶርም ነው አባዬ፤ ይኸው ጣሪያዬ» ብላ ስልኩን ወደ ላይ አዞረች። «ያ የድሮ ገዳም ነው፤ ትናንት ለጉብኝት ወስደውን ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የእንግሊዙ ንጉሥ መነኮሳቱን አባርሮ ጣሪያውን አስነቅሎ ወሰደው።»

ጋሽ ዱካሞ አሁን እፎይ ይላል ሲባል ይባስ ደነገጠ።

«በኢየሱስ ስም። መነኮሳቱስ የት አደሩ?»

«እኔ እንጃ። አስተማሪውም አልነገረን።»

«በይ እዚያው ቆይተሽ ጠይቂ። ተማሪ አይደለሽ?»

ዩሱፍ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ተወው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቶኮዛ የነበረ ሱቁን ዘራፊዎች ዘርፈው፣ የጣሪያ ቆርቆሮውን ሳይቀር የነቀሉበት ቀን ትዝ አለው። ያገሩ ሰው ሁሉ «ያለ ነው፣ አይዞህ» እያለ አልፎ ነበር። አንድ የማያውቀው ሰው ብቻ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ፍርስራሹ ፊት ቆመና «በኢየሱስ ስም፣ ዛሬ የት ታድራለህ?» አለው።

ዩሱፍ ለአንድ ቀን ብሎ ተከትሎት ሄደ፤ እዚያው ጋሽ ዱካሞ ቤት ስምንት ወር ከረመ።