የማይከስረው ሥራ አስኪያጅ

በየገበያ ከተማው አንድ የማይከስር ነጋዴ አይጠፋም። በርበሬ ቢረክስ ያተርፋል፣ ቢወደድም ያተርፋል፤ መጋዘኑ ቢቃጠል አመዱን ሰፍሮ ያተርፋል። የቡሬው መሐመድአወል ይባላል። በርበሬ የሚፈጭና የሚያሽግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋመ ወዲህማ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ» ካላሉት አቤት አይልም።

ሒሳቡን የምትሠራለት ሠርክአዲስ ዓመቱን ሙሉ ይህን ትርፍ ስትሰማ አንጀቷ አርሯል። የወፍጮው ሞተር ተቃጥሎ ሥራ ሲቆም «አልሐምዱሊላህ፣ መብራት ቆጠብን!» አላት። ዝናብ የመታው በርበሬ ሲሻግት «ቀለሙ ደመቀ እንጂ» ብሎ ተከራከራት። በሽንዲ መንገድ ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ እግሩን በጄሶ ተጠቅልሎ ሲመጣ ደግሞ «አንዱ እግሬ ደህና ነው፤ አተረፍሁ!» ብሎ አረፈው። ይህ ሰው ሞቶም «ቀለብ ተረፈልኝ» ማለቱ አይቀርም።

ሰኔ ሠላሳ ዓመቱ ተዘጋ፤ ማኅበሩ ከስሯል። አዲስ ድርጅት በመጀመሪያ ዓመቱ ቢከስር ምን ይገርማል? ሠርክአዲስ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን አዘጋጅታ፣ ለግብር ማሳወቂያው የተሰጠው ጊዜ ሊያበቃ ሲል ለፊርማ አቀረበችለት።

«ኪሳራ የሚለውን አውጪው» አለ ማኅተሙን በመሀረብ እየወለወለ። «በኔ ማኅተም ኪሳራ አይጸድቅም። ትርፍ በይው።»

«ጋሽ መሐመድአወል፣ ትርፍ ካልሁት እኮ ላላገኙት ገንዘብ ግብር ሊከፍሉ ነው!»

«እከፍላለኋ!»

ሌላው ነጋዴ ትርፌን ደብቂልኝ ብሎ ይለምናታል፤ ይኸኛው ያላገኘውን ካልገበርሁ ብሎ ይሟገታታል። እንዲህ ያለ ጅል አይታ አታውቅም። ያ ግብር ከተከፈለ ለአዲሱ በርበሬ መግዣ የተቀመጠችው ጥቂት ገንዘብ ታልቃለች፤ ወፍጮውም ይዘጋል።

ቢጨንቃት ሌላዋን ሸሪክ፣ እህቱን ዙለይካን ከፍኖተ ሰላም አስጠራቻት። ዙለይካ የሱቅ ቤቷን ሸጣ ነው ማኅበሩ ውስጥ የገባችው። መግለጫውን አይታ ግራ ገባት።

«ኪሳራ? ታዲያ ጋሼ በየወሩ የትርፍ ድርሻሽ እያሉ የሚልኩልኝ ገንዘብስ?»

«ከማኅበሩ እንዲህ ያለ ወጪ ወጥቶ አያውቅም» አለች ሠርክአዲስ።

ዙለይካ ወንድሟን አየችው። «ጋሼ፣ ሞተር ብስክሌትዎ የታለች?»

«አረጀች፤ ሸጥኋት። በደህና ዋጋ ነው!» አለ ማኅተሙን እንደገና እየወለወለ።

የየወሩ «ትርፍ» የሞተር ብስክሌቷ ዋጋ ነበር። ያ ሁሉ ጉራ እህቱ ቤቴን ሸጬ ባዶ እጄን ቀረሁ ብላ እንዳታዝን ኖሯል ለካ! የሠርክአዲስ ንዴት ውሃ ሆነ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ጋሼ» አለች ዙለይካ። «ቤቴን የሸጥሁት ከርስዎ ጋር ልሠራ ብዬ ነው። ከከሰርንም አብረን እንክሰር። ይፈርሙ።»

ክቡር ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ሠርክአዲስን በሩን እንድትዘጋ ለመናት። ከዚያ ፈረመና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማኅተሙን ኪሳራው ላይ መታው።

ሲወጡ የጎረቤቱ ባለሱቅ ይርሳው ደጃፉ ላይ ቆሟል። «ሒሳቡ እንዴት ሆነ?» አለ።

መሐመድአወል አፉን ከፈተ። ሠርክአዲስ በሥራዋ ዋሽታ አታውቅም። ያን አፍ ተከፍቶ ሲቀር ማየት ግን አልቻለችም።

«አትርፈዋል እንጂ!» አለች።

«መብራትም ቆጥበናል» አለ መሐመድአወል ቀስ ብሎ።