በሙሉ ድምፅ የጸደቀው ብሎግ

ሰው «ሐሳብህን ግለጽ» ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው ግራና ቀኙን ማየት ነው። ቀጥሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ «ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉንም ብለውታል» ብሎ ይቀመጣል። «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ያሳደጉን ሰዎች ድካማቸው መና አልቀረም ማለት ነው።

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ብሎግ የከፈትኩት። የካ ሚካኤል አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ኮተቤ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጄ ስመለስ «በብሎግ ያልተደገፈ ትምህርት ትምህርት አይባልም» የምል ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩ። ለዕውቀት ፍቅር ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም። ለትምህርት ቤታችን አንድ የክረምት ማስተርስ ዕድል መጥቷል፤ በቴክኖሎጂ ያስተማረ ይቅደም ተብሏል፤ ዓርብ ደግሞ ገምጋሚዎች መጥተው ብሎጌን ያያሉ። ያን ማስተርስ አምስት ዓመት ጠብቄዋለሁ።

የመጀመሪያው ጽሑፌ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ምንጮቻችንን እያደረቀ ስለሆነ ተነቅሎ በአገር በቀል ዛፍ ይተካ የሚል ነበር። ስልሳውም ተማሪዎቼ ወሰን ሰፈር ካለው ኢንተርኔት ቤት እየገቡ የየራሳቸውን አስተያየት እንዲጽፉ አዘዝኩ። የየራሳቸውን! ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

በሳምንቱ ስከፍተው አሥር አስተያየት ጠበቀኝ። ለካ ልጆቹ በአንድ ለአምስት የተደራጁ ናቸው፤ አንድ መሪ፣ አምስት ተመሪ። መሪዎቹ ብቻ ተወክለው ጽፈዋል። «በመምህራችን ጽሑፍ ላይ በስፋት ተወያይተን በሙሉ ድምፅ ተቀብለነዋል» ይላል አንዱ። ሌላውማ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ የወደፊት አቅጣጫ ብሎ ከፋፍሎ፣ በደካማ ጎን ሥር «አልተገኘም» ብሎልኛል። ክርክር ስፈልግ ቃለ ጉባኤ አገኘሁ።

ከሁሉም በታች አንድ አሥራ አንደኛ ነበር። የጻፈችው ሰናይት ናት፤ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ። «መምህር፣ እናቴ ያሳደገችኝ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እየወረደች ነው። ዛፉ ሲነቀል እሷ ምን ትሥራ? ደግሞ ምንጩ መድረቁን ሄደው አይተው ነው ወይስ ከመጽሐፍ?»

ከመጽሐፍ ነበር። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ደስ አለኝ፤ አንድ ሰው አሰበ! ቀጥሎ ዓርብ ትዝ አለኝ።

ርዕሰ መምህሩም አይተውት ኖሮ ቢሮ አስጠሩኝ። የጠየቁኝ ስለ ዛፉ እንዳይመስላችሁ። ይቺ ልጅ የየትኛው ቡድን አባል ናት፣ ቡድኗስ ያውቃል ወይ ነው ያሉት። አያውቅም አልኳቸው። እንግዲያው ገምጋሚዎቹ ሳያዩት አጥፋው፣ ማስተርሱ ያንተ ነው አሉኝ። ደፋር ሰው እዚህ ላይ ምን ይል ነበር? እኔ እሺ አልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ወሰን ወረድኩ። ኔትወርክ የለም። በሚኒባስ መገናኛ ሄድኩ፤ እዚያም የለም። ተመልሼ ኮተቤ ሞከርኩ፤ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ከሩቅ እጁን አወዛወዘልኝ። አንዲት ልጅ ዝም ለማሰኘት በአንድ ቀን ይህን ያህል ታክሲ የተሳፈረ መምህር ያለ አይመስለኝም። አፍሬ ነበር፤ ቢሆንም አራተኛ ቤት ሞክሬያለሁ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ ዓርብም ኔትወርክ ባለመኖሩ ገምጋሚዎቹ ብሎጉን በሪፖርት አይተው፣ የተማሪውን የነቃ ተሳትፎ አድንቀው ሄዱ። ማስተርሱም ጸደቀልኝ።

ሰኞ ጠዋት ሰናይት ከስታፍ በር ላይ ጠበቀችኝ። ርዕሰ መምህሩ አጥፋው እንዳሉኝ ሰምታለች፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ይደበቃል? እሑድ ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ አስተያየቷን ሳይነካ አግኝታዋለች። «መምህር፣ እምቢ ስላሉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ምንም አይደል» የሚል ቃል ወጣ።

ልጅቱ ታዲያ ዝም አላለችም። መምህራችን ደፋር ናቸው፣ የልባችሁን ጻፉ ብላ ክፍሉን አዳረሰች። በሳምንቱ ብሎጌን ብከፍት ሃምሳ ዘጠኝ አዲስ አስተያየት! ሁሉም በየግላቸው፣ ያለ ቡድን፣ ያለ መሪ። ስለ ባሕር ዛፍ የጻፈ አንድም የለም፤ በሙሉ ስለ እኔ አስተማመር ነው። የመጀመሪያው «መጽሐፉን ማንበብማ እኛም እንችላለን» ይላል።

ኔትወርኩ አሁን እንደ ልብ ይሠራል፤ ሁሉንም ለማጥፋት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ግን ደፋር ተብያለሁ፤ ምን ላድርግ?