ጉሙ የት አደረ?

ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው የሌለበት መንደር የለም። የሌላው መንደር አዋቂ ግን ስለ መንግሥትና ስለ ጎረቤት ትዳር ነው የሚያውቀው፤ የገረሴው አቶ ዳልጮ የሚያውቁት ስለ ጉም ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የግብርና ሠራተኛ ፈቃደ በልቡ «ክቡር የጉም ኮሚሳር» ብሎ ሰየማቸው። ኮሚሳሩ ሲነጋጋ ማሳ ለማሳ ይዞሩና ጠል እስከ የት እንዳረጠባቸው ቅልጥማቸውን ገልጠው ላላፊ አግዳሚው ያሳያሉ። ሰላምታቸው «ደህና አደርክ?» አይደለም፤ «ጉሙ የት አደረ?» ነው። ካድሬው ስለ ዓለም ሁኔታ ሲያብራራ እንኳ እጃቸውን አውጥተው ይህንኑ ጠይቀዋል። «እንመለስበታለን» አላቸው ካድሬው።

ፈቃደን በዚያ ክረምት ጭንቅ ይዞት ነበር። ለገበሬ ማኅበሩ የመጣው ምርጥ የስንዴ ዘር ለአንድ ማሳ ብቻ ይበቃል። ካማረ ለከርሞ ለሰባ አባወራ ይዳረሳል፤ ከጠፋ ሌላ የለም። እሱ የመረጠው ከቀርከሃው በታች ያለውን የማኅበሩን ጎድጓዳ መሬት ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ የሚያስጎመጅ።

«እዚያ ጉሙ እስከ አራት ሰዓት ይተኛል» አሉት ኮሚሳሩ። «ቅጠሉ ሳይደርቅ ከቆየ ዋግ ይበላዋል። ነፋስ ያለበት ጉብታው ላይ ዝራ፣ ልጄ።»

«ጉብታው የእርስዎ ማሳ አይደል እንዴ?»

«ነው። እንለዋወጣ!»

ፈቃደ ጭቅጭቁ ስለሰለቸው እሺ አለ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ዋግ ገባ። ጎድጓዳው ቢጫ ሆነ፤ ቅጠሉን ሲነኩት ብናኙ ጣት ላይ ይቀራል። ቢጫው የቆመው ልክ በየማለዳው ጉሙ በሚቆምበት መስመር ላይ ነበር፤ አንድ ስንዝር አላለፈም። ከዚያ በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ ምርጡ ዘር አረንጓዴ እንደሆነ ይወዛወዛል። ፈቃደ በኮሌጅ ስለ እርጥበትና ስለ ቅዝቃዜ የተማረውን ሁሉ እኚህ ሰው በቅልጥማቸው ያውቁት ኖሯል። ተደነቀ፤ እንዲያውም ፈራ።

አቶ ዳልጮን ያገኛቸው ጎድጓዳው ውስጥ ቆመው ነው። የተበላው ስንዴ የእሳቸው ነበር።

«እንደሚበላው እያወቁ ነው የዘሩት?»

«አንድ ቀን እንኳ ብሳሳት ብዬ ነበር» አሉ፣ ጣታቸው ላይ ያለውን ቢጫ እያዩ። «እኔ እንሰት አለኝ፤ እሱ ዋግ አያውቅም። ያንተ ዘር ግን ሌላ አልነበረውም።»

ፈቃደ በማግስቱ ሲነጋጋ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ማሳውን ዞረ፤ ከዚያም አቶ ዳልጮ በር ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እርጥብ ቅልጥሙን አሳያቸው።