ደም ከእኔ ውሰዱ!

በዓለም ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ አንድ ሐኪም አለው። የእኛ ቤት ክብርት ሐኪም አክስቴ ናቸው። "ይሄማ የታወቀ ነው!" ካሉ አለቀ፤ ይግባኝ የለም። ጎረቤታችንን ጥርሱን ቢያመው "ጫማህ ጠቦህ ነው" ብለው አስወልቀውታል። ሰውዬው እስከ ማታ በባዶ እግሩ ዋለ፤ ጥርሱም እንዳመመው አደረ።

ባለቤቴ በኦፕራሲዮን ወለደች። ማደንዘዣውን የወጓት አከርካሪዋ ላይ ነበር። ቤት ከገባን በኋላ አንድ ጉድ መጣ፦ ጋደም ስትል ደህና ናት፣ ቀና ስትል ጭንቅላቷ ሊፈነዳ ይደርሳል። ልጇን ቁጭ ብላ ማቀፍ እንኳ አቃታት።

"ይሄማ የታወቀ ነው! መኝታ ሲበዛ ራስ ያማል። ተነሺ የኔ ልጅ!" አሉና አክስቴ ደግፈው አስቀመጧት። ባለቤቴ ጮኸች። ሕፃኑም ጮኸ።

"አያችሁ? እየወጣላት ነው!"

ቡናም ውሃም ሞከርን፤ ወይ ፍንክች! በታክሲ ከነሕፃኑ ሆስፒታል ይዘናት በረርን፤ አክስቴም ከፊት መቀመጫ ሆነው ሾፌሩን መንዳት እያስተማሩ።

ሐኪሙ ነገሩን ወዲያው ለየው። "መርፌው የገባበት ቀዳዳ አልተደፈነም። በአከርካሪሽ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዚያ እየወጣ ነው። ከክንድሽ ጥቂት ደም ቀድተን ጀርባሽ ላይ በመርፌ እናስገባዋለን፤ ደሙ ሲረጋ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።"

አክስቴ ብድግ አሉ። በቃ፣ ክርክሩ ተጀመረ ብዬ ተሳቀቅሁ። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"ከእኔ ውሰድ! እሷ አራስ ናት፤ ከየት ታመጣለች?"

መርፌ ሲወጉ ሦስት ሰው የሚይዛቸው አክስቴ! ደግሞ ልብ በሉ፣ አክስትነታቸው ለእኔ ነው፤ ለሚስቴ ባዳ ናቸው።

"እማማ፣ የራሷ ደም ነው የሚሆነው" አለ ሐኪሙ ሳቁን እየዋጠ።

"የእኔ ምን ጎደለው? ልጄ እኮ ናት!" አሉ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው። በግድ ከክፍሉ አስወጣናቸው።

ሕክምናው አለቀ። ባለቤቴ ለጥቂት ጊዜ በጀርባዋ ተኛች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች። አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ አየች።

"ልጄን ስጡኝ!"

ደስታዬን በምን ልንገራችሁ! ሕፃኑን ይዘው ገብተው ያቀበሏት አክስቴ ናቸው፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያቱን ሳያስረዱ፣ እንባቸው እየወረደ።

ምክራቸውን ዛሬም አልሰማም። ያለ እሳቸው ግን መታመም አልፈልግም።