የሁለቱ ሕጎች ሽምግልና

ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ፍዳው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለተማሪ ማስረዳት እንዳይመስላችሁ፤ ተማሪ ባይገባውም ገባኝ ይላል። ፍዳው ለአባት ማስረዳት ነው።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቢቸና ውስጥ ከባልና ሚስት እስከ ድንበርተኛ ያላስታረቁት ሰው አልነበረም። አንድ እሑድ የክረምት ትምህርቴ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለቱን ታላላቅ ሕጎች ነገርኳቸው፦ አንደኛው ከዋክብትን፣ ሁለተኛው በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን ያስተዳድራል፤ ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው፤ ሲገናኙ ግን አይስማሙም። አባቴ የዝንብ ጭራቸውን አስቀመጡና፣ "ሽማግሌ አልተላከም?" አሉ።

ምን ልበል? ተልኳል አልኩ። አንድ የሚያደርጋቸው ሐሳብ ሞልቷል፤ ወረቀት ላይ ሲያዩት ያስቀናል። የጠፋው ምስክር ነው። ሊቃውንቱ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ እያጋጩ ቢመረምሯቸውም፣ ቅንጣቶቹ እስካሁን ለአንዱም ሐሳብ አልመሰከሩም።

"እንግዲያው አልታረቁማ!" አሉ። ሽማግሌ ፊት እሺ ማለት ብቻውን እርቅ እንዳልሆነ፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ሰላም ሲባባሉ መታየት እንዳለበት አስረዱኝ። ይህን ጊዜ ምላሴ አዳለጠኝ፤ "እርስዎና አጎቴስ?" አልኩ።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ሞጣ ነበር የሚኖሩት። በውርስ ባሕር ዛፍ ተጣልተው በሽማግሌ ታርቀዋል። አባቴን ብትጠይቋቸው "ታርቀናል" ይላሉ፤ አጎቴም "ከአያ ጋር? ድሮ!" ይላሉ። አንዱ የሌላውን ደጃፍ ሲረግጥ ያየ ግን የለም። ሁለቱም አርጅተው ነበርና ሳይተያዩ ይሞቱብኛል ብዬ እሰጋ ነበር።

አባቴ ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሞጣው አውቶቡስ እስኪሞላ፣ አሁን ሐሳባቸውን ለውጠው ይወርዳሉ እያልኩ በመውጫው በኩል ተቀመጥኩ። ሞጣ ስንደርስ አጎቴ ስለ ዝናቡ አወሩ። አባቴም ስለ ዝናቡ መለሱ። ይሄ እርቅ ነው? ቅንጣት ሲያዩት ጠባዩን ይለውጣል ይባላልና፣ እኔ ወደ ጓሮ ወጣ አልኩ። ስመለስ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ! እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ምሳ ሳይቀርብ ደግሞ ጭቅጭቅ ተነሳ። ደነገጥኩ። ለካ ስለ ባሕር ዛፉ አይደለም፤ አባቴ የነገርኳቸውን አጫውተዋቸው፣ ታላቅየው ለትልቁ፣ ለከዋክብቱ ሕግ፣ ታናሽየው ለትንሹ፣ ለቅንጣቶቹ ሕግ ጠበቃ ቆመው ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲጠያየቁ ኖሩ። ባገኙኝ ቁጥር "እነዚያስ ታረቁ?" ይሉኝ ነበር። ያ ጥያቄ እንዴት እንደሚናፍቀኝ! ዛሬ የሚጠይቀኝ ጠፋ እንጂ መልሱስ ያው ነው፤ አልታረቁም። እኔማ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ከሁለቱ አንዱ የሞጣን አውቶቡስ ለመሳፈር እሺ አላለም።