ከቅሬ ያስቀረኝ ፈተና

ሰው ሲታመም ጠያቂ፣ ሲከሰስ ምስክር ሊያጣ ይችላል፤ ፈተና ወድቆ መካሪ ያጣ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ወድቃችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ወድቃችሁ የማታውቁ ደግሞ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ይህን ወግ ለጎረቤታችሁ አቀብሉት። መካሪ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ምሳሌውን ይዞ ነው። አንዱ ገባ ይልና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ድገመው» ይላችኋል። እሱ ደጃፉን ሳይለቅ ሌላው ይተካና «ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንድ ጊዜ ሳያይ፣ ሁለተኛ ሲያሳይ። ተወው» ይላችኋል። አበው ይህን ሁሉ ምሳሌ ሲያወርሱን የትኛው ለየትኛው ቀን እንደሆነ አልነገሩንም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የልቡን ያደርግና ምሳሌውን ኋላ ይፈልግለታል። የኔ ችግር ልቤ ራሱ የሚለውን አለማወቄ ነበር።

የወደቅሁት የፋርማሲ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነው። ጊዜው ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ዓመት ገደማ ሲቀራቸው፣ ወሎ በረሃብ የረገፈበት ክፉ ዘመን ነው። እኔ ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ መካነ ሰላም፣ ወላጆቼ ቤት ተመልሼ ለፈተናው አነብ ነበር። ፋርማሲ ምን እንደሆነ በከተማችን የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢው፣ ሌላው እኔ። እኔም አጥርቼ አላውቀውም። እናቴማ «የመድኃኒት ትምህርት ነው» ስላት አማተበች። በኛ አገር መድኃኒተኛ ሲባል የሚታሰበው የሰው ደጃፍ ላይ ነገር የሚቀብር ሰው ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው አባቴ፣ እንደ ልማዱ ረጋ ብሎ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚቀምም ማለት እንደሆነ አስረዳት። «ታዲያ አዛዡን ራሱን ለምን አይሆንም?» አለች። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ የለኝም።

አሁን ስለ ቅሬ ልንገራችሁ፤ ያለ ቅሬ ይህ ወግ አይገባችሁም። አዲስ አበባ ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ጥሩንባ ሲነፋ ከየቤቱ አንድ ወንድ ዶማውን ወይም አካፋውን ይዞ ይወጣል። ሟቹ እስላም ይሁን ክርስቲያን ቆፋሪው አይለይም፤ እስላሙ ለገብሬል ደብር ይቆፍራል፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ መቃብር ይቆፍራል። የሰው ቀብር ያልወጣ በራሱ ቀን የሚወጣለት አያገኝም፤ ሕጉ ይኸው ነው። አባቴ ወገቡን ያመው ስለነበር ከኛ ቤት የምወጣው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ከጎረቤታችን ከማሻ በኩልም፣ ከአባይ ቆላም ሰው እየፈለሰ ከተማችን ገባ። የኛው ደጋም ቢሆን ገብሱን በረዶና ውርጭ እየመታው የጠገበ አልነበረም፤ ግን ካለው ይቀመስ ነበር። የመጡት በሱቆቹ በረንዳ ሥር ይደገፋሉ። የቀመሱም ያልቀመሱም፣ ብዙዎቹ እንደተደገፉ ይቀራሉ። እነዚህ ሰዎች እዚህ ቅሬ የላቸውም። የቅሬያችን ዳኛ አያ ይመር ሰዉን ሰበሰቡና «ቅሬ የሌለው ሁሉ የኛ ነው» አሉ። ማንም አልተከራከረም። ለእንግዶቹ ቀብር ቤቶች በተራ እንዲወጡ ተደረገ። አንገቱ ላይ ማዕተብ ያለውን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ስሙን ተናግሮ የሞተውን እንደ ስሙ ወስደን እንቀብራለን። ክርም ስምም የሌለው ሲሆን ቄሱም ሼሁም ቆመው በየፊናቸው ይጸልዩለታል። ከሁለት አንዱ መቼም አይስተውም ይሉ ነበር አያ ይመር።

ተራው እየፈጠነ ሲመጣ አባቴ ስለኔ ቅሬውን ሊለምን ሄደ። እኔ አፍሬ ከኋላው ቆሜያለሁ።

«ተሾመ ይቅር፣ ያንብብ» አሉ አያ ይመር። «አንድ ቀን መድኃኒት ይዞልን ይመጣ ይሆናል። ግን ምትክ ይስጥ።»

ቅሬ ሰው የሚያስቀረው ምትክ ሲቆምለት ብቻ ነው። በዚያ ረሃብ፣ ለራሱ መቆሚያ ጉልበት ያጣ ሰው በሞላበት፣ ለሌላ ሰው ማን ይቆማል ብዬ አቀረቀርኩ። ሰይድ ተነሣ።

ሰይድ አብሮ አደጌ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለን አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ወረሰ፤ ከዚያ ወዲህ እናቱን እትዬ ዘምዘምን የሚያኖራቸው እሱ ነው። ለፈተና የምሄድበትን ሱሪ የሰፋልኝም እሱ ነው። አንዱን እግር አስረዝሞት ኖሮ ብቆጣው «ወደ ፊት እንድትራመድበት ነው» አለኝ። የዚያን ዕለትም ቀልዱን አልተወም። «ወላሂ፣ አንተ መጽሐፉን ቆፍር፣ አፈሩን ለኔ ተወው» አለና ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ።

እኔም ቆፈርኩ። ጥሩንባው ሲነፋ መስኮቱን እዘጋና ኬሚስትሪዬን አነባለሁ። በመስኮቱ ስንጥቅ ሰይድ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ አንድ ቀን በራሱ ተራ፣ በማግሥቱ በኔ ተራ። እየከሳ መሄዱን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር፣ ግን አይቻለሁ።

ከዚያ ተስቦ ገባ። ከሟቾቹ ጨርቅ ላይ በሚሻገር ቅማል እንደሚዛመት ኋላ ነው የተረዳሁት፤ ያኔ የምናውቀው ቆፋሪዎቹ አንድ በአንድ እየተኙ መሆናቸውን ብቻ ነበር። ሰይድ ሲተኛ ድሬሰሩ የቀረችውን አስፕሪን ሰጠው። እናቴ በራችን ላይ ቆማ «አትሂድ፣ ይይዝሃል፣ ፈተናህ ደርሷል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደርሷል። ሄድኩ፤ ግን አልገባሁም። አጥሩ ጥግ ሆኜ «ሰይድ፣ እንዴት ነህ?» አልኩ። ከውስጥ ድምፁ ተጎትቶ መጣ፤ «አንተ ሥራ የለህም? ሂድና አንብብ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን በበቅሎ ወረኢሉ ወርጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ፈተናውን ጨርሼ ስመለስ እዚያው ወረኢሉ መናኸሪያ ላይ አንድ ያገሬ ሰው አገኘኝና «ምትክህን ቀበርነው» አለኝ። የነገረኝ እንዲሁ ነው፣ በስሙ እንኳ አልጠራውም።

ሳምንታት ቆይቶ ውጤቱ በደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው መስመር አላለፉም ይላል። ሁለተኛው መስመር በሚመጣው ዓመት ደግመው መፈተን ይችላሉ ይላል። ጸሐፊው መቼም ቅን ሰው ነው፣ እንዳልከፋ አስቦልኛል። ለኔ ግን ከመጀመሪያው መስመር ይልቅ የከበደኝ ሁለተኛው ነው። ደግሞ መፈተን ማለት ደግሞ ማንበብ፣ ደግሞ ከቅሬ መቅረት፣ ደግሞ አንድ ሰው በቦታዬ ማቆም ነው። ሰይድ የሞተው ለወደቅሁት ፈተና ነበር። ሌላ ማንን ልስጥ?

እንቁላሉም እባቡም በየተራ መጡ። አባቴ ድገም አለ፤ እናቴ ተው አለች፤ ድሬሰሩ ሳይጠየቅ ሁለቱንም አለ። እኔ ግን ዶማዬን አነሣሁ። ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር፣ የኛ ቤት ተራ ቢሆንም ባይሆንም፣ ከሁሉ ቀድሜ እወጣለሁ። ሰው ያየኝ ሁሉ «ተሾመ ሰው ወጣው» ብሎ መረቀኝ። እናንተም እንዳትመርቁኝ፤ መደበቄ ነበር። ከመጽሐፍ ለመሸሽ መካነ መቃብርን የመሰለ ቦታ የለም፤ እዚያ ያገኘህ ሁሉ ያመሰግንሃል እንጂ ለምን አታነብም አይልህም። የምፈራው ደግሞ መውደቅን ብቻ አልነበረም። ማለፍን እፈራ ነበር፤ ባልፍ ለሰይድ ምን እለዋለሁ?

ለፈተናው መመዝገቢያው ሊያበቃ ሲል አንድ ቀን ከቀብር ተመልሰን፣ እንደ ደንቡ ቅሬው ተሰብስቦ ተቀምጧል። በዚህ ስብሰባ ሴት አትናገርም፤ የሴቶቹ ለብቻ ነው። እትዬ ዘምዘም መጥተው ከዳር ቆሙ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም።

«አያ ይመር፣ አንድ ነገር ልናገር» አሉ።

አያ ይመር ግራ ቀኝ አዩና «ተናገሪ ዘምዘም» አሉ።

«ይህን ልጅ ለምንድን ነው የምታስቆፍሩት? ከቅሬ ይቅር ብላችሁ አልነበር? ሲፈታ ሰማሁ እንጂ ሲመለስ አልሰማሁም።»

«እኛ አላልነውም፤ ራሱ ነው የሚወጣው።»

ያኔ ወደኔ ዞሩ። «ተሾመ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፤ «ሰዉ ልጅሽ በምን ሞተ ሲለኝ፣ ተሾመ ተምሮ እንዲመጣ ቆፍሮ ነው እላለሁ። አንተ ካልሄድክ ምን ልበል? በከንቱ ነው ልበል?»

 ያ ሁሉ መካሪ ሁለት ሐሳብ ላይ አንጠልጥሎ የተወኝን እኔን፣ ሁሉን ያጡት እናት በአንድ ጥያቄ አወረዱኝ። «እሺ፣ እትዬ» አልኩ። ምትክህ ማነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አያ ይመር እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉልኝ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። እኔ አለቀስኩ።

አዲስ አበባ ስደርስ ከተማው ይተረማመሳል። ወታደሩ ይጠይቃል፣ መምህሩ ይጠይቃል፣ ተማሪው ግድግዳ ላይ ይጽፋል። የፈተናው አዳራሽ በር ላይ ተሰልፈን ሳለ ፀጉሩን ያጎፈረ አንድ ጎረምሳ ዞር ብሎ «ወንድም፣ ወሎ ውስጥ ሕዝብ እያለቀ መሆኑን ታውቃለህ?» አለኝ። «ሰምቻለሁ» አልኩት። እሱም እያዘነልኝ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኝ፤ ባላባቱን፣ ሥርዓቱን፣ የተደበቀውን ሁሉ። ብዙው እውነት ነበር። ከየት ነህ ሳይለኝ በሩ ተከፈተና ገባን።

አለፍኩ። ይህን ያህል ተጨንቃችሁ ከሆነ ይኸው፣ አለፍኩ። ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ተማሪው ሁሉ ዘመቻ ወጣ፣ እኔም ሌላ ክፍለ ሀገር ወርጄ ፊደል አስቆጠርኩ። ዘመቻው አልፎ ትምህርቱ ተጀምሮ፣ መድኃኒቶቹን በስማቸውና በመጠናቸው ከለየሁ በኋላ ነው ለዕረፍት አገሬ የገባሁት።

በማግሥቱ እትዬ ዘምዘም ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ አጥሩ ጥግ አልቆምኩም፤ ገባሁ። የስፌት መኪናው ጨርቅ ተጥሎበት ጥግ ይዟል። ጤናዬን፣ መንገዱን፣ ያባቴን ወገብ ጠየቁኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ተሾመ፣ አሁንማ አውቀሃል። ያ ተስቦ መድኃኒት አለው ወይ?» አሉኝ።

አለው። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበትም አንድ ነጥብ አልጎደለብኝም። ጥቂት ካፕሱል ነው። በዚያ ክፉ ዓመት እንኳ ደሴ አይጠፋም ነበር፤ ደሴ ደግሞ ሰው ቢላክ ደርሶ የሚመለስበት ነው። ሰው አልላክንም፤ ማን ምን ብሎ ይልካል? እኔ እንኳ የተላክሁት ወደ ፈተና ነበር።

እትዬ ዘምዘም ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«የለውም፣ እትዬ» አልኳቸው። «እስካሁን አልተገኘለትም።»

 «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲያው ቀኑ ደርሶ ነው።» ተነሥተውም የምቀምሰው ሊያመጡልኝ ወደ ጓዳ ገቡ። በሙያዬ የመጀመሪያ የሆነችው ያቺ መልስ ውሸት ናት፤ አስተማሪዎቼ ቢያዩዋት ዜሮ ነው የሚሰጡኝ። ደግሜ ብፈተን ያንኑ ነው የምመልሰው።